ባሌስትራ ሲጨመር ፍሬን አይጨመርም

የበዓል ሰሞን ሲቃረብ ከከተማ ወደ ገጠር፣ ከገጠርም ወደ ከተማ የሚንቀሳቀሰው ቤተሰብ ብዙ ነው። በዚህ ሰሞን ፒክአፕ ያለው ሰው መኪናው የራሱ ብቻ አይደለችም፤ የዘመድ አዝማዱ ሁሉ ናት። አያት ከነጤፏ፣ አክስት ከነልጆቿ፣ በግ ከነገመዱ ይጫናል። መኪናዋ ከኋላ ቁጭ፣ ከፊት ቀና ስትልበት ባለቤቱ የሚያውቀው አንድ መፍትሔ አለ፤ ጋራዥ ወስዶ ባሌስትራ ማስጨመር። ከጋራዥ ስትወጣ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ጭነቱ ለሚጠይቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ባሌስትራ አስጨምሬያለሁ፤ ምንም አትሆንም።»

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህች መልስ ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁም። በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ፣ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን በጤና ጣቢያና በሆስፒታል አሳልፌ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን የክትባት ሣጥን ታቅፌ፣ ምጥ የጠናባት እናት ወይም አጥንቱ የተሰበረ በሽተኛ አጅቤ፣ ከላንድክሩዘር ኋላ ተቀምጬ ብዙ ፒስታ መንገድ ተመላልሻለሁ። መኪና እስኪጠገን ስንጠብቅም ከሾፌሮችና ከመካኒኮች ጋር ብዙ ቡና ጠጥተናል። ከእነሱ የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ወላጆችና አያቶች እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፤ የተጨመረ ባሌስትራ መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል እንጂ እንድትሸከም የተፈቀደላትን ክብደት አይጨምርላትም።

ብረቱ እንዴት ይሠራል?

ባሌስትራ የሚለውን ስም ያገኘነው ከጣሊያንኛ ነው። በዕድሜ የገፋን ሰዎች ብረቱን ከመኪና ሥር ይልቅ በጓዳችን እናውቀዋለን። አንጥረኛ ከአሮጌ ባሌስትራ የቀጠቀጠው ቢላዋ ስለቱ ቶሎ አይዶለድምም። ብረቱ ተራ ብረት ስላልሆነ ነው። በፋብሪካ በልኩ ግሎ፣ በልኩ ቀዝቅዞ፣ ጭነት ሲያርፍበት ተዘርግቶ ጭነቱ ሲነሳለት ወደ ቅርጹ እንዲመለስ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ከፒክአፕ ኋላ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ በግራም በቀኝም እንደ ቀስት የጎበጡ ጠፍጣፋ ብረቶች ተደራርበው ታገኛላችሁ። የረጅሙ ብረት ሁለት ጫፎች እንደ ቀለበት ተጠቅልለው ከመኪናው ሻንሲ ጋር ተያይዘዋል፤ ሌሎቹ እያጠሩ ይሄዳሉ። የፊተኛው ጫፍ ባለበት የታሰረ ነው። የኋለኛው ግን በሚወዛወዝ ማንጠልጠያ ተይዟል፤ የጎበጠ ብረት ጭነት ሲያርፍበት ይዘረጋልና የሚሄድበት ቦታ ያስፈልገዋል። ብረቶቹን መሃል ለመሃል አንድ ቡሎን ሰንጎ ይይዛቸዋል። እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፉ፣ መካኒኮች ዩ ቦልት የሚሏቸው ረጃጅም ቡሎኖች ደግሞ ጥቅሉን በሙሉ ከአክስሉ ጋር ጠፍረው ያስሩታል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ ይሠራል። እያንዳንዱ ብረት ድርሻውን ይሸከማል። አንዱ ሲሰነጠቅ ድርሻው ለቀሩት ይደርሳቸዋል፤ እነሱም በተራቸው ይደክማሉ። ስለዚህ አንድ የተሰበረ ብረት ይዞ «እስከ በዓሉ ታድርሰን» ማለት አደጋውን ለበዓሉ መንገድ ማስቀመጥ ነው።

በብዙ ፒክአፖች ላይ ከሁሉም በታች ወፈር ያለና ብዙም ያልጎበጠ ብረት አለ። ይህ ተጠባባቂ ነው። መኪናዋ ባዶ ስትሆን ሥራ የለውም፤ ጭነቱ ሲከብድና የላይኞቹ ሲዘረጉ ግን ወርደው ያገኙትና ያግዛቸዋል። እናንተም በቀላሉ ልታዩት ትችላላችሁ። ባዶ መኪና ላይ ከተጠባባቂው ጫፍ በላይ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ባዶዋን ቆማ ክፍተቱ ከጠፋ የላይኞቹ ብረቶች ደክመዋል ማለት ነው።

መቀመጧ ምልክት ነው

ልጄ ፒክአፑን ባሌስትራ ሊያስጨምር ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ሁለት ሁለት ብረት እንዲጨመርለት ነበር ያዘዘው። መካኒኩ «ምን ልትጭንባት ነው?» ብሎ ጠየቀው። «ቤተሰብ ነው፤ ትንሽ ዕቃም አለ» አለ ልጄ። መካኒኩ ወደ እኔ ዞር አለና «እናቴ፣ እኛ ባሌስትራ እንጨምራለን እንጂ ፍሬን አንጨምርም፤ ይንገሩት» አለኝ።

ይህን ቃል ከብዙ ትምህርት እቆጥረዋለሁ። አንድ መኪና ሲሠራ ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ቸርኬው፣ ኩሽኔታው፣ አክስሉና ሻንሲው ሁሉ ለአንድ የታወቀ ጠቅላላ ክብደት ተመጥነው ነው። ባሌስትራ ከእነዚህ መካከል አንዱ ነው። አንዱን ብቻ ብናጠነክር ሌሎቹ እንደነበሩ ናቸው። የትርፍ አንጀት ሕመምተኛ ማስታገሻ ውጦ ቢተኛ ሕመሙ ቀለል ይለው ይሆናል፤ አንጀቱ ግን አልዳነም። መኪናዋም ከኋላ ቁጭ ማለቷ «ከብዶኛል» የምትልበት ምልክት ነው። ምልክቱን አጠፋን ማለት ክብደቱን አቃለልን ማለት አይደለም።

ፍሬንን እንውሰድ። የመኪናዋ ክብደት በጨመረ ቁጥር እሷን ለማቆም የሚጠይቀው ጉልበት በዚያው ልክ ይጨምራል። ያ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ከየትኛውም ወገን ብትነሱ ግማሹ ቁልቁለት ነው። ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ የፍሬኑ ዘይት ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ባዶ ይገባል። በከባድ ማርሽ በቀስታ መውረድ የሚመከረውም ፍሬኑ እንዳይግል ነው። ከልኩ በላይ የጫነች መኪና ላይ ግን ይህም ጥንቃቄ መጠባበቂያው ትንሽ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። በአንዳንድ ፒክአፖች ላይ የኋላ ፍሬን ምን ያህል እንዲይዝ የሚወስን ቫልቭ ከሻንሲው ጋር ታስሮ፣ በዘንግ ከኋላ አክስል ጋር ተያይዟል። መኪናዋ ከኋላ ዝቅ ስትል ቫልቩ «ተጭናለች» ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ኃይል ይለቃል፤ ከፍ ስትል «ባዶ ናት» ብሎ ይቀንሳል። እንግዲህ ባሌስትራ ጨምረን መኪናዋን ከነጭነቷ ከፍ ስናደርጋት ቫልቩ ባዶ ናት ብሎ ያምናል። ጭነቱ በከበደበት ሰዓት የኋላ ፍሬን ይላላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቫልቭ ያላት መኪና ባሌስትራዋ ከተለወጠ ቫልቩም አብሮ መስተካከል አለበት። ባሌስትራ የሠራላችሁን ሰው ይህን ሳትጠይቁት ከጋራዥ አትውጡ።

ክብደቱን በወረቀት ደምሩት

«ብዙ አልጫንም» የሚለው ግምት እንጂ ልኬት አይደለም። በመመሪያ መጽሐፉ ላይ፣ በብዙ መኪኖችም በሾፌሩ በር በኩል ባለው ትንሽ ሰሌዳ ላይ፣ መኪናዋ ከነሰዋ ከነዕቃዋ መብለጥ የሌለባት ጠቅላላ ክብደት ተጽፏል። ሊብሬውንም አብራችሁ አንብቡ። ከጠቅላላው ላይ የባዶዋን ክብደት ስትቀንሱ የሚቀረው ለሰውም ለዕቃም የተፈቀደው ነው።

ለምሳሌ ጠቅላላ ክብደቷ 2,900 ኪሎ፣ ባዶዋ 2,000 ኪሎ የሆነች ፒክአፕ እንውሰድ። የቀረን 900 ኪሎ ነው። ከገጠር ስንመለስ አምስት አዋቂ በአማካይ 65 ኪሎ ቢመዝን 325 ኪሎ ነው። ሦስት ኩንታል ጤፍ 300 ኪሎ፤ ድምሩ 625። አምስት ሻንጣ በ15 ኪሎ 75፤ ድምሩ 700። ሁለት በግ በ30 ኪሎ 60፤ ድምሩ 760። ከኋላ የተገጠመው የብረት ሽፋንና ፖርቶ መጋላው 80 ኪሎ ቢሆን 840። አንድ ኩንታል ድንች ስንጨምር 940 ደረስን፤ ከወዲሁ አልፈናል። መንገድ ላይ «እኔንም አድርሱኝ» ያለ ዘመድ ከነዕቃው 80 ኪሎ ቢሆን 1,020 ኪሎ ሆነ። በ120 ኪሎ በልጠናል። ባሌስትራ የተጨመረላት መኪና ግን ይህን ሁሉ ተሸክማ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ዓይን ሊያየው ያልቻለውን እርሳስና ወረቀት ብቻ ናቸው የሚያሳዩት።

አጫጫንም ክብደት ያህል ይቆጠራል። ኩንታሉ ከታች፣ ወደ ሾፌሩ ክፍል ተጠግቶ ይቀመጥ። ከኋላ ጎማ ወዲያ ጫፍ ላይ ከሆነ የፊቱን ያነሳዋል፤ መሪው ይቀላል፣ መብራቱም ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይመታል። ፖርቶ መጋላ ላይ ቀላል ነገር ብቻ ይውጣ፤ ከባድ ነገር ከላይ ሲሆን መኪናዋ ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ትቀርባለች። ከኋላ መጫኛው ላይ ሰው፣ ይልቁንም ልጅ፣ አይቀመጥ። ተወርውሮ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ስንቀበል የኖርን ሰዎች ይህን ደጋግመን ብንናገር አይሰለቸን።

ባዶ ስትሄድስ?

ጭነት በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ በቀሩት ቀናት መኪናዋ ባዶ ትሄዳለች። የደነደነ ባሌስትራ ያላት ባዶ መኪና ትዘላለች። ኮረኮንች ላይ የኋላ ጎማዎች ከመሬት እየተነሱ መልሰው ይወድቃሉ፤ ከመሬት የተነሳ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይታዘዝም።

በገጠር ሳገለግል መድኃኒትና ዕቃ ለማመላለስ ተብሎ ባሌስትራ የተጨመረላት አንዲት መኪና ነበረችን። አንድ ቀን ጭኑ የተሰበረ ወጣት ወደ ሆስፒታል ልንወስድ ሆነ። አጥንቱን በደንብ ደግፈን አሰርነው፤ ሆኖም መኪናዋ በዘለለች ቁጥር ይጮኽ ነበር። ሾፌራችን ቆመና መንገድ ዳር አሸዋ በከረጢት ሞልቶ፣ ከኋላ አክስል በላይ አስቀምጦ በገመድ ጠፍሮ አሰረው። «ሲስተር፣ ይቺ ብረት ክብደት ካላገኘች አትለሰልስም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለን ስንሄድ የልጁ ጩኸት ቀነሰ። ነፍሰ ጡር፣ ወገቧን የሚያማት አያት ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው የምትጭኑ ከሆነ ይህን አስቡ። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚጫን ኩንታል ሲባል ዓመቱን ሙሉ የቤተሰቡን ወገብ ማንገላታት ዋጋው ትልቅ ነው።

በቤት የሚደረግ ክትትል

ሕፃናትን ስንመዝን አንድ ቀን የተገኘው ኪሎ ብቻውን ብዙ አይነግረንም ነበር። የእድገት መከታተያ ካርዱ ላይ ከወር ወር ሲሰፍር ነው ልጁ እየከሳ መሆኑ የሚታየው። ባሌስትራም እንደዚያው ነው። መኪናዋን ባዶዋን ሜዳ ላይ አቁሙ። የጎማው አየር በልኩ ይሁን። ከኋላ ጎማ መሃል ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን በሜትር ለኩ፤ ግራውንም ቀኙንም። ቀኑን ጨምራችሁ ደብተር ላይ ጻፉት። በየሦስት ወሩ ድገሙት። ቁጥሩ እየቀነሰ ከሄደ ብረቱ እየደከመ ነው። ግራና ቀኙ ከተለያዩ አንድ ወገን ተሰብሮ ወይም ደክሞ ሊሆን ይችላልና መካኒክ ይየው። ይህን ሥራ ለልጅ ልጃችሁ ስጡት፤ ሜትር ማንበብም ይማርበታል። መኪና ሥር ግን ልጅ አይግባ፤ በክሪክ ብቻ በተነሳች መኪና ሥር ደግሞ ማንም አይግባ።

ጭቃውን ካጠባችሁ በኋላ በባትሪ ብርሃን እዩ። በብረቱ ላይ በአግድም የሄደ ቀጭን የዝገት መስመር ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በመሃል ቡሎኑ አጠገብና በጫፎቹ ቀለበት ዙሪያ። ከጥቅሉ ወደ ጎን የወጣ ብረት ካለ ማቀፊያው ጠፍቷል ወይም የመሃል ቡሎኑ ተበጥሷል። የመሃል ቡሎን ሲበጠስ አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል፤ መኪናዋም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጎኗን ይዛ ትሄዳለች። ከአክስሉ በላይ ያለውን የላስቲክ ትራስም እዩት፤ ከተቀደደ ወይም ተመትቶ ከተተለተለ መኪናዋ ከአቅሟ በላይ ስትጫን ቆይታለች። ዘይት የሚያፈስ ሾክ አብዞርበር ካለም ይቀየር። መዝለሉን የሚያበርደው እሱ ነውና ባሌስትራ ብቻውን መኪናን አያረጋጋም።

የተቃጠለ ዘይት ባሌስትራ ላይ መቀባት የቆየ ልማድ ነው። ድምፁን ለጥቂት ቀን ያጠፋ ይሆናል፤ ነገር ግን አቧራ ይሰበስባል፣ የላስቲክ ቡሽንም ያበላሻል። ግሪስ የሚገባው መግቢያ ቀዳዳ ለተሠራለት የብረት ቡሽ ነው። የላስቲክ ቡሽ ካረጀ መቀየር እንጂ መቅባት አያድነውም።

ጋራዥ ስትሄዱ

የተሰበረ ባሌስትራ አይበየድ። ያ በፋብሪካ በልኩ የተሰጠው ጥንካሬ በብየዳ ሙቀት ይጠፋል፤ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰበራል። በአዲስ ይተካ፤ ሲተካም ግራና ቀኙ አንድ ላይ ይሁን፤ አንዱ ወገን ጠንካራ ሌላው ደካማ ከሆነ መኪናዋ ታጋድላለች። ዩ ቦልቶቹ አንዴ ሲጠብቁ የሚለጠጡ ናቸውና አሮጌዎቹን ከመመለስ አዲስ ማስገባት ይሻላል። ከተሠራ በኋላ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ተመለሱና በድጋሚ ይጥበቁ፤ አዳዲስ ብረቶች ቦታቸውን ሲይዙ ቡሎኖቹ ይላላሉ። የፊት መብራቱም በዚያው ይስተካከል።

ባሌስትራ መጨመር ሁልጊዜ ክፉ ነው አልልም። ከባድ ሽፋን ወይም ዕቃ ዘወትር ተሸክማ ለምትኖር፣ ግን ከተፈቀደላት ክብደት ላላለፈች መኪና በልኩ የተመረጠ ተጨማሪ ብረት ይጠቅማል። አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ዘንድ ይህ በደንብ ይታያል። እዚያ አንዳንድ ቤተሰብ ከፒክአፑ ኋላ ካምፐር የሚሉትን ተነቃይ ቤት ጭኖ ከነአልጋው ከነምድጃው ይጓዛል። 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነውና ክብደቱ ቀላል አይደለም፤ ባሌስትራውም ለብዙ ቀናት ሳያርፍ ስለሚሸከም ይደክማል። ስለዚህ ተጠባባቂ ብረት ወይም በአየር የሚነፋ መደገፊያ ያስጨምራሉ። ይሁን እንጂ በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈው የጠቅላላ ክብደት ቁጥር በዚህ አይለወጥም። ካምፐሩ ሲመረጥ ከነውሃውና ከነዕቃው የሚመዝነው ተደምሮ ከዚያ ቁጥር ጋር ይመሳከራል፤ የክብደቱ ማዕከልም ከኋላ አክስል ወደ ፊት እንዲያርፍ ይደረጋል። ልጆቻችሁ እንዲህ ባለ ጉዞ ሊወስዷችሁ ቢጋብዟችሁ ይህንኑ ብትጠይቋቸው አያፍሩባችሁም።

በየቤታችን ታላቅ ሰው «ተው» ሲል ይሰማል። ጤፉን ለእኔ ብለው፣ በጉን ለእኔ ብለው የሚጭኑ ልጆቻችን እምቢ ማለት የሚከብዳቸው እኛን ነው። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት ነገሩን የምናቀለው እኛው ነን። አንዱ ኩንታል በጭነት መኪና ይከተለን፤ ድንቹ ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ በጉም ከደረስንበት ገበያ ይገዛ። ሾፌሩንም «ባሌስትራ አስጨምረሃል?» ብለን አንጠይቀው። «ልጄ፣ ስንት ኪሎ ጭነናል? የተፈቀደልንስ ስንት ነው?» እንበለው። ሁለቱን ቁጥሮች ካልነገረን ቡናው እስኪፈላ ቁጭ ብለን አብረን እንደምረው።